የደረሰኝ ቁጥር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ዋልኩ። የላውንደሪው ሙቀት አያድርስ ነው። የሆቴል አንሶላ ብቻ... ማን ነው እንዲህ የሚተኛው?

ልጄ ደወለች። "እማ፣ እሑድ ሳምንት ከባሌ ጋር እንመጣለን።"

"አንቺ ነይ።"

"እሱን ካላስገባሽው እኔም ደጅሽን አልረግጥም።" ዘጋችው።

ከድንበር ማዶ፣ ከዚያ ከጠላት አገር ሰው ታገባና ደግሞ ትቆጣለች! ታላቅ ወንድሜ ከእነሱ ጋር በተደረገው ጦርነት ድንበር ላይ ቀረ። እሷ አታውቀውም... እኔ አውቀዋለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሴቶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ አለ። ነቢዩ በአንድ የጥንት ጠላት መንግሥት ላይ የተናገረው ምዕራፍ ነው። ወንዛቸው ይደርቃል፣ አማካሪዎቻቸው ይጃጃላሉ... ደስ ሲል! በልቤ የአገሩን ስም አወጣሁና የአማቼን አገር አስገባሁበት።

ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ ሳልዘጋጅ አላነብም። የምናነበው በወንበር ተራ፣ ጥቂት ጥቂት ቁጥር ነው። ስለዚህ የምቀመጥበትን አስቀድሜ እመርጣለሁ። መጀመሪያ ሁልጊዜ ዳር የምትቀመጠው የሰፈራችን አዋላጅ፣ ቀጥሎ እኔ... ወንዙ የሚደርቅበት ይደርሰኛል። በጣቴ እየተከተልኩ ተለማመድኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ድምፄን ጭምር አሳመርኩ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ተዋረድኩ።

አዋላጇ ወላድ ዘንድ ተይዛ ዘገየች። መሪያችን፣ ጡረተኛዋ መምህርት፣ "እስክትመጣ ከዚያኛው ጫፍ እንጀምር" አለች። ከዚያኛው ጫፍ! ወንዜን ሌላ ሴት አደረቀችው፤ ያውም እየተንተባተበች።

ተራው ሲደርስ አዋላጇ ገና አልመጣችም፣ የምዕራፉ ጅራት እኔ ላይ ወደቀ። እዚያ ድረስ አንብቤ አላውቅም። ጣቴን አስቀምጬ ጀመርኩ... እግዜር ይመታቸዋል። እሰይ። ይፈውሳቸዋል። እንዴት? ጭራሽ ያንን ጠላት ሕዝቤ ይለዋል! ከራሱ ወገን ጎን አቁሞ ይባርከዋል። ጣቴ እዚያው ቆመ።

"ቀጥይ እንጂ እህቴ፣ ፊደሉ ጠፋብሽ?" አለች መምህርቷ።

"ፊደሉስ አልጠፋብኝም።"

አዋላጇ በሩ ላይ ሳቀች፤ ለካ ደርሳለች። "እግዜርን የሰፈራችን ዘበኛ አድርጋው እኮ ነው የኖረችው!"

ሁሉም ሳቁ። እኔም... ትንሽ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ተናድጃለሁ። የሌሎቹንም አገሮች ምዕራፍ አገላበጥኩ። ነቢያቱ ማንንም አይምሩም፣ የገዛ ወገናቸውን እንኳ። እግዜር አንዱን መንግሥት ያነሣል፣ ሌላውን ይጥላል፣ ደግሞ የጣለውን ይምራል። እኔን አንሶላ ተኳሿን ለምን ያማክረኛል?

"ወንድሜስ?" አልኩት።

ግን ወንድሜን የገደለው ይህ አማቼ አይደለም። ያኔ አልተወለደም። ይህን ለማወቅስ ነቢይ ያስፈልግ ነበር?...

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ለልጄ ደወልኩ። "ይምጣ።"

"እውነት፣ እማ?"

"ሐሳቤን ሳልቀይር ዝጊው።"

እሑድ፣ ግንቦት 17

አገር ሙሉ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ አንድ ቀጭን ሰውዬ መጣ። አንገቱን ደፍቶ፣ "እንደምን አሉ፣ እማማ?" አለኝ፤ በእኛው ቋንቋ፣ በሚያስቅ አነጋገር።

"ማን አስተማረህ?"

"ልጅዎ።"

"አበላሽታሃለች።"

ደነገጠ። ከዚያ ሳቅኩለት፣ እሱም ሳቀ።

ስለ ወንድሜ ነገርኩት። አላስተባበለም፣ አልተከራከረም። "አዝናለሁ" ብሎ እጁን እያየ ተቀመጠ። ከእነሱስ ቤት ማን ድንበሩ ላይ ቀርቶ ይሆን? ሌላ ቀን እጠይቀዋለሁ... ሌላ ቀን አልኩ እንዴ?

በልቶ ሲያበቃ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣለው። ሌሊቱን በአውቶቡስ ነው ያደሩት። አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ልጄ አፍራ ልትቀሰቅሰው ስትል በዓይኔ ከለከልኳት።

ሬዲዮው ስለ ድንበሩ ማውራት ጀመረ... አጠፋሁት። ልጁ ይተኛበት።