ሁለት ሴት ያስነሳ ጥሪ

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ባለቤቴን «ነገ እንሄዳለን» ብዬ አዘግይቼ በሞት ካጣሁት ወዲህ ጤና ጣቢያ ስገባ መቀመጫው ይቆረቁረኛል። ዛሬም ልጄን ልጠይቅ በመጣሁበት ከተማ የደም ግፊቴን ልለካ ሄጄ ስቁነጠነጥ፣ የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ «እንግዳ!» ብላ ተጣራች። እንግዳ ነኝና ብድግ አልኩ። በትኩሳት የሚቃጠል ሕፃን የታቀፈች ሴትም ተነሳች።

«እርስዎን አይደለም እማማ፤ እንግዳ የምንለው ስደተኞቹን ነው» አለችኝ ሠራተኛዋ።

«እኔማ እዚሁ ወልጃለሁ፤ እንግዳስ እሳቸው ናቸው» አለች እናትየዋ። ወረፋው ሁሉ ሳቀ። ሠራተኛዋም አፈር ብላ ሳቀችና «በሉ እንግዳዋ ይቅደሙ» አለች።

«እኔ ነገም እመጣለሁ፤ ልጁ ዛሬ ይግባ» አልኩ። ቁጭ ያልኩት ሕፃኑ መርፌ ተወግቶ ሲጮህ ከሰማሁ በኋላ ነው።

እዚህ ስደተኛውም ነዋሪውም በአንድ መስኮት፣ በአንድ ወረፋ መታከም ጀምረዋል። እኛ ጋ ግን ስደተኞቹ ዛሬም በጓሮ በር ቆመው አልፎ አልፎ የሚመጣላቸውን ሐኪም ይጠብቃሉ። በሩን ማስዘጋት ባትችዪ እንኳ በስማቸው ጥሪያቸው።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ፤ እናትሽንም እግራቸው እንዴት ሆነ በዪልኝ። ይህን የጻፍኩት ለሌላ ለማንም አይደለም፤ በእኛው ጤና ጣቢያ የካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ ለምትቀመጪው፣ ለአንቺ ነው።