ኤሊ ከአልጋ ላይ ስትጫወት

መጋቢት 3

ዛሬም ተኝቼ ዋልኩ። በግራ ጎኔ። ሐኪሟ «እስክትወልጂ ከአልጋ እንዳትነሺ» ካለችኝ ወዲህ የጣሪያውን ስንጥቅ በቃሌ ይዤዋለሁ። አንዱ ፈረስ ይመስላል… ከሰዓት ብርሃኑ ሲዞር ደግሞ ይራመዳል። እንቅልፍ ነው ወይስ ሐሳብ? እንጃ።

ኤሊ ጎኔ ናት፣ ላፕቶፑ ውስጥ። ቼዝ የሚጫወተው ፕሮግራሜ። ቀስ ስለምትል ነው ስሟ። ስንት ዓመት ለፋሁባት! ዘንድሮ የኮምፒውተሮች ውድድር ትገባለች፣ እኔ ግን መሄድ አልችልም። ደንቡ ግን ይፈቅዳል። ፕሮግራሙ ቤት ሆኖ ያስባል፣ አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጠጠሩን ያንቀሳቅስለታል።

ማን ይቀመጥ? ባሌ። ቧንቧ ሠራተኛው። ፈረስ በየት እንደሚሄድ የማያውቀው!

መጋቢት 5

«አልሄድም» አለ። «ያለፈው ጊዜ…» ብሎ የቧንቧ መፍቻውን ማገላበጥ ያዘ።

ያለፈው ጊዜ፣ ሲያስወርደኝ፣ ብቻዬን ነበርኩ። እሱ ስልክ የማይሠራበት ምድር ቤት ውስጥ ቧንቧ ሲጠግን። ስለዚያ አናወራም።

«ገና ሳምንታት አሉ እኮ።»

«ምልክት ካየሽ ትጠሪኛለሽ?»

«እጠራሃለሁ።»

«እናቴ ትሙት በይ።»

እኔን ልታስታምም የመጣችው እማዬ ከኩሽና ሰምታ «ኧረ ሌላ ሰው ፈልጉ!» አለች።

መጋቢት 9

የመጀመሪያው ጨዋታ። ተሸነፍን። ኤሊ ምንም አላጠፋች። እሱ ጠጠሩን አንቀሳቅሶ ሰዓቱን መጫን ረሳ! ካልተጫነ የሚያልቀው የኛ ጊዜ ነው። ተጋጣሚው ዝም። ኤሊም መልስ እየጠበቀች ዝም። እኔ እዚህ ሰዓቱ ሲቆጥር በስክሪኑ እያየሁ ጥፍሬን እበላለሁ… መንገር ክልክል ነው። የሱ ስልክ ተዘግቶ ዳኛው ጋ ነው ያለው። በመስመሩ ላይ ከኤሊ እርምጃ ሌላ የሚያልፉት ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው፦ «አቻ» እና «እጅ ሰጠሁ»።

ሲወጣ ደወለ። «ቧንቧ ቢሆን ሳልዘጋ አልሄድም ነበር» አለኝ። ስስቅ ሆዴ ተንቀጠቀጠ። ውስጥ ያለችውም የሳቀች መሰለኝ።

መጋቢት 11

አሸነፈች። ትናንትም አሸነፈች።

ቀን ተኝቼ ሕልም አየሁ… ሰሌዳው ውሃ ሆኖ ጠጠሮቹ ተንሳፍፈው። አንዲት ትንሽ ወታደር ወደ እኔ ትመጣለች። ቀስ ብላ። እንዳላስደነግጣት ትንፋሼን ዋጥኩ።

«ውሃ ደግ ነው» አለች እማዬ። ሕልም ፈቺም ሆናለች ደግሞ!

መጋቢት 12

ነገ የመጨረሻው። ካሸነፍን ዋንጫው የኛ ነው። ጀርባዬን አመመኝ… መተኛት በዝቶብኝ ይሆን?

መጋቢት 19

አንድ እጄ ብቻ ነው ነጻ። ሌላው ላይ እሷ ተኝታለች።

ያን ቀን ኤሊ ንግሥቷን ይዛ፣ ተጋጣሚዋ ያለ ንግሥት ቀርቶ፣ ስክሪኑ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆኖ ሳለ ምጡ መጣ። ያለ ጊዜው። እማዬ አምቡላንስ ጠራች። ወደ አዳራሹ ቢሮም ደወለች፣ የሚያነሳ የለም። ፈራሁ። እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ብቻዬን? እንደገና? ስክሪኑን አየሁት… ስንት ዓመት የለፋሁበትን… ከዚያ «እጅ ሰጠሁ» ብዬ ጻፍኩ።

የሆነውን እሱ ነው የነገረኝ። ዳኛው አንብቦ «ስህተት መሆን አለበት፣ እያሸነፋችሁ እኮ ነው» አለ።

«ስህተት አይደለም» አለው ባሌ። «ሚስቴ የያዘችውን አትለቅም። እየጠራችኝ ነው።»

ጃኬቱን እዚያው ጥሎ ወጣ። ሰዓቱን ግን ተጭኖ ነው የወጣው፣ ሞኙ! ጨዋታው ካለቀ በኋላ!

ምጡ ረዘመ። ባሌ ደረሰልኝ። ስትወለድ እጄን ይዞ ነበር። እኔ ጮህኩ፣ እሱ አለቀሰ። ትንሽ ናት፣ ግን ትጠባለች፣ ደህና ናት።

ዋንጫውን ሌላ ሰው ወሰደው። ይውሰደው። እሱ ልጅቷን «ኤሊ» እንበላት ይላል። እማዬ «በሕግ አምላክ!» ትላለች።

ፈረሱ አሁንም ጣሪያው ላይ ይኖር ይሆን? ቀና ብዬ አላየሁም።