የእትዬ ወሰኔ በጎች

ውድ ወንድሜ ምስክር፣

«ወንድሜን ይቅር በሉት፤ ተስፋ መቁረጥ ሙያው ሆኗል።»

ቃሉ ያንተ ነው፤ አንድም ፊደል አልጨመርኩም። ባለፈው ሐሙስ ራቤል አዳራሽ ውስጥ፣ ለመናገር እጄን ሳወጣ፣ በድምፅ ማጉያ፣ ግማሹን ባስተማርኩት ሰው ፊት ተናገርከው። አዳራሹ ሳቀ። እኔም እጄን ያወጣሁበትን ነገር ሳልናገር ተቀመጥኩ።

ልናገር የነበረው ይህ ነው። ጎረቤታችንን እትዬ ወሰኔን ከፊት ወንበር አስነሥተህ፣ «ድህነት ከዓለም ይጠፋል ስንል ማስረጃችን እኚህ እናት ናቸው። ዛሬ የአሥራ አራት በጎች ባለቤት ናቸው፤ ከሰኔ ጀምሮ የርዳታ ድርጅታችን ስንዴ አያስፈልጋቸውም» አልክ። በጎቹ የሳቸው አይደሉም። የመሐል ሜዳው ነጋዴ የአፈወርቅ ናቸው፤ ለርቢ የሰጣቸው። እሳቸው ያረባሉ፣ ግልገሉን እኩል ይካፈላሉ። ዘንድሮ ከውርጩ የተረፉት ሁለት ግልገሎች ናቸው፤ የእትዬ ወሰኔ አንዱ ብቻ ነው።

ሌላ ሰው ቢሳሳት አይገርመኝም። እኛ ግን ያደግነው በርቢ በግ ነው። ባለቤቱ ሊካፈል ሲመጣ አባታችን እየሳቀ ይቀበለው እንደነበር፣ ሸኝቶት ሲመለስ ግን እስኪመሽ ከማንም ጋር እንደማይነጋገር ታውቃለህ። «የማን ናቸው?» ብሎ መጠየቅ እንዴት አቃተህ?

ከስብሰባው ስንመለስ ከእትዬ ወሰኔ ጋር አብሬ ሄድኩ።

«ለምን ዝም አሉ?» አልኳቸው።

«ምን ልበል? ያ ሁሉ ሰው እያጨበጨበ የሰው ናቸው ልበል? አንድ ቀን ሀብታም ብሆን ምን ይልሃል!»

«በሰኔስ ምን ሊበሉ ነው?»

«ጭብጨባውን!» ብለው ሳቁ። ትንሽ እንደ ሄድን ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡ። «ገሠሠ፣ ልጁን እንዳታሳፍርብኝ። እኔ ነኝ ያዘልኩት።»

እኔ ድህነት አይጠፋም ብዬ አላውቅም። ዩኒቨርሲቲ ሳለን፣ አንድ አልጋ ላይ ተቀምጠን፣ በኛ ዕድሜ ይጠፋል ያልኩህ እኔ ነበርኩ። የተጠራጠርከው አንተ ነህ። ዛሬም ይጠፋል እላለሁ። የተናደድኩትም ስለማምንበት ነው። ድሃውን ከድህነቱ ሳታወጣው ከቁጥር ካወጣኸው፣ ከዚያ በኋላ ማን ይፈልገዋል?

የስብሰባው ቀን ቤት ትገባለህ ብዬ የእናታችንን አልጋ አንጥፌ፣ የሱፍ ባናውን ፀሐይ ላይ አራግፌ፣ እሳት አያይዤ ነበር። ባለቤቴ ጽናት ካረፈች ወዲህ ቤቱን እንደዚያ ያጸዳሁበት ቀን የለም። መኪናችሁ በደጄ ሳትቆም አለፈች። አልጋው እስካሁን እንደ ተነጠፈ ነው።

ስለ እኔ ምንም አልጠይቅህም። እትዬ ወሰኔን ግን በአዳራሽ ስማቸውን ሳታነሣ፣ ሳታሳፍራቸው፣ ወደ ስንዴው መልሳቸው። ገብሱ እስኪደርስ ክረምቱን የሚያሻግራቸው ሌላ ነገር የለም።

መልስህን በጽሑፍ፣ ፈርመህበት፣ እስከ ሚያዝያ ሠላሳ ድረስ እጠብቃለሁ። ስልክ አትደውል። ድምፅህን ከሰማሁ «እንዴት ከረምክ» ብዬ ሁሉንም እተወዋለሁ፤ ለእትዬ ወሰኔ ደግሞ ከኔ ንዴት በቀር የሚሟገትላቸው የለም።

ታላቅ ወንድምህ ገሠሠ
ራቤል፣ መጋቢት 19 ቀን