ብርጋዴር ጄኔራል ልዑልሰገድ ይመኑ እና ያላደረሱት መርዶ

ብርጋዴር ጄኔራል ልዑልሰገድ ይመኑ ከአባታቸው ከአቶ ይመኑ ወልደ ጻድቅና ከእናታቸው ከወይዘሮ አፀደ ጥር 12 ቀን 1937 ዓ.ም. አንኮበር ተወለዱ። ዘመናዊ ትምህርታቸውን ደብረ ብርሃን ተከታትለው በ1956 ዓ.ም. አየር ኃይልን ተቀላቀሉ። ደብረ ዘይት ሠልጥነውም በተዋጊ አብራሪነት ተመረቁ። በ1963 ዓ.ም. ከወይዘሮ የሺሐረግ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሕሊናንና ሔለንን ወለዱ።

ይህን የጻፍኩት የእህታቸው ልጅ ወንድወሰን ነኝ። አጎቴ ከማረፋቸው በፊት “ሹመቴን ደርድረህ፣ አሳምረህ እንዳትቀብረኝ” ብለው አዘውኛል። የአዛዥ ትእዛዝ ነውና እፈጽማለሁ፤ የሚከፋው ይክፋው።

በ1970 ዓ.ም. በምሥራቁ ጦርነት ሻለቃ ሆነው ድሬዳዋ ላይ የተዋጊ ስኳድሮን አዛዥ ነበሩ። አብራሪ ሲሰዋ መርዶውን የሚያደርሱት ራሳቸው እንጂ ሌላ ሰው አልነበረም። ደብረ ዘይት ድረስ መጥተው ሊነጋጋ ሲል፣ የቤቱ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ከካህንና ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር በር ያንኳኩ ነበር። የሰፈሩ ሴቶች መኪናቸውን በማለዳ ካዩ የማን ቤት ይሆን ብለው በየደጃፉ ይወጡ ነበር ይባላል።

በዚያ ዓመት ጥቅምት ወር መቶ አለቃ ጋሻው ሁለት ጊዜ በርሮ በሰላም ከተመለሰ በኋላ፣ አጎቴ ለሦስተኛ ጊዜ እንዲነሣ አዘዙት፤ እሳቸውም በሌላ አውሮፕላን አብረውት በረሩ። ከሐረር ማዶ አውሮፕላኑ ተመትቶ አየር ላይ ሲበተን በዓይናቸው አዩ። ፓራሹት አልተከፈተም። ከእሳቸው በቀር ያየ ሰውም አልነበረም።

እንደ ልማዳቸው በንጋት ደብረ ዘይት ሄደው አንኳኩ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ጥሩነሽ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ለነፍሰ ጡር ደግሞ መርዶ አይነገርም። “ገና አልተመለሰም፤ እየተፈለገ ነው” ብለዋት ወጡ። እስክትወልድ ይቆይ ተባለ፤ ወለደች። ልጇ ክርስትና እስክትነሣ ተባለ። ከዚያ እሳቸው ወደ አሥመራ ተዛወሩ፤ ያደረ ነገር ደግሞ እየከበደ ይሄዳል። በ1980 ዓ.ም. ምርኮኞች ከሶማሊያ ሲመለሱ ወይዘሮ ጥሩነሽ ባላቸውን ሊቀበሉ ወጥተው ነበር። እስከ ዛሬም ጥቁር አልለበሱም።

አጎቴ በ1979 ዓ.ም. የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ ተቀበሉ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ታስረው አምስት ዓመት ቆይተው ተፈቱ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ዓረብ አገር አል ዐይን ከተማ በነርስነት ወደምትሠራው ልጃቸው ወደ ሕሊና መጥተው አል ሂሊ ሰፈር ኖሩ። እዚህም እግዜር አላስቀመጣቸውም። ያቺ በሆድ የነበረችው ልጅ፣ ቅድስት ጋሻው፣ እዚሁ አገር ኸሊፋ ሲቲ ሰው ቤት ተቀጥራ ልጅ ታሳድግ ኖሯል! ቤተ ክርስቲያን ተገናኙ። በዕረፍቷ ቀን እየመጣች “አባባ፣ አባቴ ምን ዓይነት ሰው ነበር?” ትላቸዋለች። ሳቁን፣ ቀልዱን፣ አበራረሩን ያጫውቷታል። አሟሟቱ ላይ ሲደርሱ ግን ወሬ ይቀይራሉ።

ባለፈው ጥቅምት የጉበት ካንሰር እንደሆነ ተነገራቸው፤ ብዙም ጊዜ አልነበራቸውም። ቅድስትን ጥሩልኝ አሉ። ሕሊና በስልክ ንገሯት ብትላቸው “መርዶ በስልክ? የሞተው ከብት ነው እንዴ!” ብለው ተቆጡ። አእምሮዬ እንዳይደፈርስ ብለው የሕመም ማስታገሻውንም እንቢ አሉ። የቅድስት ማዳም ከዐርብ በፊት አትወጣም አለች። እኛ ደግሞ ዐርብ ይደርሳሉ ብለን ማመን አቅቶን ነበር። ሲያቃስቱ እየሰማን ከመቀመጥ ሌላ ምንም ማድረግ አልቻልንም። በመጨረሻ የአሠሪዎቿ ቤት ሾፌር፣ የወሎው ልጅ አብዱልፈታህ፣ ማዳሟን ለምኖ ረቡዕ ሊነጋጋ ሲል አደረሳት። አላህ ውለታውን ይክፈለው።

አጎቴ ደግፋችሁ አስቀምጡኝ አሉ። ያዩትን ሁሉ፣ ያዘዙትንም፣ ሳይቀንሱ ነገሯት። እሪ ብላ አለቀሰች። “አርባ ስምንት ዓመት! እናቴን አርባ ስምንት ዓመት በር በር ሲያሳዩዋት ኖሩ?” አለቻቸው። ይቅርታዋን ሲለምኑ “እሱ የኔ አይደለም፣ የእናቴ ነው” ብላ ወጣች። ማስታገሻውን የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። በዚያው ዕለት፣ ኅዳር 10 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በ80 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የሁለት ሴት ልጆች አባትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ።

“ሬሳዬ ከመርዶው ቀድሞ አገር አይግባ” ስላሉ እዚሁ እንቀብራቸዋለን። ቅድስት ዛሬ ማታ ትበርራለች። ነገ በንጋት ከካህንና ከሽማግሌዎች ጋር የእናቷን በር ታንኳኳለች። ስለዚህ ወገኖቼ፣ በምትወዱት ይሁንባችሁ፣ ይህን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ቴሌግራም ላይ እንዳትለጥፉ። ደብረ ዘይት ዘመድ ያላችሁም ዛሬ አትደውሉ። ወይዘሮ ጥሩነሽ ይቅር ይበሉ አይበሉ አናውቅም፤ መርዶውን ግን እንደ ወጉ ይስሙ።

የአጎቴን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበል። የመቶ አለቃ ጋሻውን ነፍስ ይማር የምንለው ነገ፣ ደብረ ዘይት ከነጋ በኋላ ነው።