በወንድሜ ፋንታ የመጣው ሰው

ጥቅምት 4
ዝናብ። የሰር ፒርስን የአንገት ሽንሽን ስተኩስ ዋልኩ። እሳቸው ለንግሥቲቱ ግጥም ይጽፋሉ። ንግሥቲቱ ከተቆጡባቸው ወዲህ ሥራቸው ይኸው ነው። የጣሉት ወረቀት ጀርባው ለእኔ ይሆናል።

እማዬ ዛሬም ጠየቀቻቸው። "ጌታዬ፣ መርከቡ መቼ ይነሣል?"

"ንግሥቲቱ ሲፈቅዱ።"

"ልጄን እኮ ነው ባሕር ማዶ ትተውት የመጡት።"

"በመያዣ ነው የተውኩት። የእነሱ ሰው እኔ ቤት ደህና እስከሆነ፣ ዲጎሪም እዚያ ደህና ነው።"

የእነሱ ሰው ካያሪ ነው። የአለቃቸው ወንድም። ሁልጊዜ ይበርደዋል፤ ከምድጃው ሥር አይነሣም።

"እሳቱ ውስጥ ግባና ይለይልህ!" አለችው ወጥ ቤቷ ማጆት።

"አንቺ ቅደሚ። ስብ አለሽ" አላት።

ሁሉም ሳቁ። እኔም... ትንሽ።

ጥቅምት 19
ካያሪ ያስለዋል። ብርድ ልብሴን ሰጠሁት። ከሰው ጋር ማውራት አልችልም፤ ከእሱ ጋር ግን እችላለሁ። ለምን ይሆን?

"ወንድሜን እዚያ ማን ያበላዋል?"

"እህቴ።"

"ደግ ናት?"

"ታሾፍበታለች። ግን ታበላዋለች።"

ኅዳር 2
ሰር ፒርስ ካያሪን ለንግሥቲቱ ሊያሳዩት ወሰዱት። በላባ አስጊጠው፣ ደረቱን አራቁተው፣ በጀልባ። በዚህ ብርድ... "ያመዋል" ልል ነበር። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። አላልኩም።

ኅዳር 9
ተመለሱ። ንግሥቲቱ በጣም ወደዱት አሉ። ካያሪ ሳሉ ብሶበታል። ሾርባውንም አልነካ።

ኅዳር 16
ጠዋት ሞቶ አገኘነው። አላለቀስኩም። ብርድ ልብሴን አጠብኩ፣ አሰጣሁ።

ኅዳር 20
ሰር ፒርስ ስለ ካያሪ ግጥም ጻፉ። እንግዶቹ እያነበቡ አለቀሱ። ረቂቁ ይኸው፣ እዚህ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ፈልጌ ፈልጌ ስሙን አጣሁት።

ታኅሣሥ 1
ግጥሙ ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንግሥቲቱም ታረቋቸው፤ ፈቃዱ መጣ። መርከቡ በጸደይ ይነሣል።

እማዬ የሰር ፒርስን እጅ ሳመች። "ታምሲን፣ ወንድምሽ ሊመጣ ነው! ምነው ዝም አልሽ?"

"ተዪያት፣ መቼ ተናግራ ታውቃለች!" አለች ማጆት።

ካያሪን ማንም አላነሣም።

እዚያ ገና አልሰሙም። ያቺ እህት ዛሬም ዲጎሪን ታበላዋለች፣ ታሾፍበታለች። የካያሪን መርዶ የሚያደርሰው ይኸው መርከብ ነው።

ወንድሜ ከሄደ ጀምሮ መርከቡ እንዲነሣ ስጸልይ ነበር። ዛሬም ከእማዬ ጎን ተንበረከክሁ። እሷ እንዲነሣ ለመነች። እኔ እንዳይነሣ።