በረንዳ የማይፈልጉ እንግዶች

ሰኞ፣ ግንቦት 4
አዲስ ሥራ ተሰጠኝ። ቢሯችን የዕረፍት ቤት የሚያከራየው ለሦስት አገር ሰዎች ነው። ማን ምን ዓይነት ማረፊያ እንደሚወድ በስልክ እየጠየቅሁ እንዳወዳድር ነው። ሳልጠይቅም የማውቀው ነገር! የእኛ ሰው ሆቴል ይላል፣ ቁርስ አልጋው ድረስ። ከተራራው ማዶ ያሉት ጸጥታ ብቻ። ከወንዙ ማዶ ያሉት ደግሞ ሙሉ ቤት ከነበረንዳው... ድስታቸውን ሳይቀር ተሸክመው ይመጣሉ። እህቴ እዚያ አግብታ እሷም ለይቶላታል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13
ከወንዙ ማዶ በረንዳ የጠየቀ አንድም ሰው የለም። "ቤዝመንት አለው?" "የጓሮ በርስ?" ከመሬት በታች ያለ ክፍል ለዕረፍት? ምን ነካቸው?
ለአለቃዬ ነገርኩት። "ፋሽን ይሆናላ! ቤዝመንት ያላቸው ላይ ዋጋ ጨምሪ" አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ እንጃ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15
አንድ ሽማግሌ ደወሉ። "ለስንት ቀን ነው?" አልኳቸው። "እሱን እኛም አናውቅም፣ ልጄ።"

እሑድ፣ ግንቦት 17
እህቴ ጋ ደወልኩ። ልጆቹን ይዘሽ ነይ፣ እኔ ጋ ትሆናላችሁ አልኳት።
"በረንዳ የሌለው ቤት ምን ልሠራ!" ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። "ባሌ አልወጣም ብሏል። እሱን ጥዬ የት እሄዳለሁ?"


ሐሙስ፣ ግንቦት 21
እህቴ በእጅ ስልኬ ሳይሆን በቢሮው ስልክ ደወለች። "ይቅርታ፣ ቤት ፈልጌ ነበር" አለች፣ እንደማታውቀኝ። አጠገቧ የሚሰማ ሰው አለ ማለት ነው። እንደ ደንበኛ መለስኩላት።
"ለስንት ሰው?"
"ለሁለት ልጆች።"
"እርስዎስ?"
"እኔ... በኋላ።"
"በረንዳ ያለው ይሁን?"
"አይ። የጓሮ በር ካለው ይበቃል።"
ዘጋች። አለቃዬ ከወዲያኛው ጠረጴዛ "ተከራየ?" ይለኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 26
ልጆቹ ትናንት ደረሱ። ጎረቤታቸው ናቸው ያመጧቸው። የእናታቸው ስልክ አይነሳም። ታላቋ ጫማዬን አላወልቅም ብላለች። ታናሿ ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ "አክስቴ፣ አልጋሽ ለምን መስኮት ሥር ሆነ? መስታወቱ ቢረግፍብሽስ?" አለችኝ። አልጋውን ሦስታችን ገፍተን ኮሪደር ላይ አደረግነው።
ዛሬ ከተራራው ማዶ ላለው ወኪላችን ደወልኩ። ቤት ለአራት ሰው... እህቴንም ቆጥሬ።
"እናንተ ሆቴል አልነበር የምትወዱት?" አለኝ እየሳቀ።
"ቤዝመንት አለው?" አልኩት።
"አለው። ለስንት ቀን?"
"እሱን እኔም አላውቅም።"