የጥሩሐረግ የጾም ኬክ

ሰላሜ፣

የምጽፍልሽ ከሰቆጣ ነው፤ ዛሬ ያየሁትን ሳልነግርሽ ባድር አፌን ይበላኛል። እዚህ የጥሩሐረግን የፍየል ጥብስ የማያውቅ የለም። ፍየሉ ከአበርገሌ ይመጣል፣ ሽታው መናኸሪያ ድረስ ይጣራል። ሴትዮዋ አሁን ደግሞ አጠገቡ ኬክ ቤት ከፍታ ያንኑ «ጥሩሐረግ» የሚለውን ስም ለጥፋበታለች።

ዛሬ ረቡዕ ነው። መስኮቱን የጾም ኬክ ሞልቶታል፣ የሚገባ ሰው ግን የለም። ደጁ ላይ የቆሙትን አዛውንት፣ እማሆይ ለተጊዮርጊስን፣ «አይገቡም እንዴ?» አልኳቸው።

«በጥብስ ስም የተጋገረ ምኑን የጾም ይሆናል ልጄ?» ብለው ሳቁ።

እናንተ ደሴ ቢሆን ስሙን ያየ ሁሉ ይሰለፍ ነበር፣ አይደል?

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥሩሐረግ ነጠላዋን መስቀለኛ እንዳጣፋች ከቤተ ክርስቲያን መጣች። ወንበር አውጥታ ደጁ ላይ ተቀመጠችና ሰው ሁሉ እያያት ኬኩን ገመጠች። ጾም ገድፋ እንደማታውቅ አገር ያውቃል። እማሆይ ለተጊዮርጊስ «እሷ ከበላችውማ!» ብለው ቀድመው ገቡ። ሰዉም ተከትሏቸው ጎረፈ፤ ለእኔ የተረፈኝ ፍርፋሪ ነው።

አንቺም ከክትፎ ቤትሽ ጎን የጾም ምግብ ቤት በስምሽ ልትከፍቺ ነው። ግን «ጨውን ልየው» እያልሽ ዓርብ ዓርብ ክትፎ ስትጎርሺ ያላየ ደሴ ውስጥ ማን አለ?

ፖስታ ካርዱ ሞላ፣ ዳር ዳሩን እየጻፍኩ ነው። ጾም ገድፈው የማያውቁትን የእናትሽን የእማማ ምህረትን ጉልበት ሳሚልኝ። እግረ መንገድሽንም ስማቸውን ለምኛቸው፤ የጾም ቤቱ ላይ የሚለጠፈው የእሳቸው ነው።

ማስተዋል